መልስ፦ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ልግባ ወይ?
ወንድሜ፣ ጅማ ልጅህ በሚማርበት ትምህርት ቤት ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ሊጠቁሙህ ነው፤ ደሞዝ አለው ወይ ብለሃል። የለውም፣ በነፃ ነው። የምርጫ ካርድ፣ ኮሮጆ ምናምን አትጠብቅ። ወላጆች ስብሰባ ላይ ይጠቁማሉ፣ ብዙ ጊዜ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ አለቀ።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1994 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ወዲህ ህብረቱ በትምህርት ቤቱ እቅድና በጀት ላይ ድምፅ አለው። ስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ) ሲመጣ ለጠመኔ ይሁን ለዴስክ ጥገና ብላችሁ ትከራከራላችሁ። ደረሰኝ ሳታይ እንዳትፈርም! ርዕሰ መምህሩ ቢቸኩልም ተረጋጋ። ኦሮምኛ ካልቻልክ ስብሰባው ይከብድሃል። ደግሞ በቡና ለቀማ ሰሞን ወላጅ አትጥሩ፤ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ሰው አታገኙም።