አድጀስተብል ወይስ ፕሌቱ የሚቀየር? አንገቱ ለሚያስቸግረው ሰው

ሰላም ወንድሜ፣ ቁጥሩ የሚዞረውን አድጀስተብል መላጫ ልግዛ ወይስ ፕሌቱ (ከምላጩ ስር ያለው ብረት) የሚቀየረውን፣ አንገቴ ሽፍ እያለ አስቸገረኝ ብለህ የጠየቅከውን አይቼ ነው። እኔ ካንተ የባሰ ስለነበርኩ በደንብ ልንገርህ።

1. ባለ አምስት ምላጩን ካርትሪጅ (ጭንቅላቱ ሙሉ የሚቀየረውን መላጫ) ዛሬውኑ ተወው። ፀጉሩን ሳብ አድርጎ ከቆዳ በታች ነው የሚቆርጠው፣ የኛ ፀጉር ደግሞ ጥቅልል ስለሆነ መልሶ ሲያድግ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሚያብጠው እሱ ነው።

2. አድጀስተብል ጥሩነቱ እየተላጨህ ቁጥሩን ማዞር ትችላለህ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ለስላሳ ሲበዛ ኃይለኛ ይሆናል፣ ጉንጭ በ3 አንገት በ1። መርኩር ፕሮግረስ የሚባለው እስከ 5 አለው፣ ከ1958 እስከ 1961 የተሰራው የጂሌት ፋትቦይ እስከ 9። እኔ ፋትቦዩን ኦንላይን አሮጌ እቃ ከሚሸጥ ሰውዬ ገዛሁ፣ ተፈቶ ተጠርጓል ሰርቪስ ሆኗል ብሎ ጽፎበታል። ሲመጣ ውስጡ የስንት ዘመን ሳሙና እንደ ኖራ ደርቆበታል፣ ምላጭ አስገብቼ ብርሃን ላይ ሳየው በአንዱ በኩል ወጣ በሌላው ገባ ያለ ነው። ፎቶ አንስቼ ብልክለት የተላጨህበትን ለጤና ሲባል አልመልስም አለኝ። ታዲያ ሳልላጭበት በምን ልወቀው?? ጭራሽ ብሎክ አደረገኝ፣ አንገቴ ቆስሎ የእህቴ ሰርግ ላይ ቆምኩ፣ ፎቶውን ሳየው አሁንም እናደዳለሁ። የመላጫው ጥፋት አይደለም፣ የሰውየው ነው። ስለዚህ አሮጌ ከሆነ ምላጭ ገብቶበት በሁለቱም ጎን የተነሳ ፎቶ ሳይልክልህ ገንዘብ እንዳትልክ፣ ቁጥሩን ስታዞርም መጀመሪያ ከታች ያለውን ማጥበቂያ ትንሽ አላላው፣ ጠብቆ እያለ ካዞርከው ይበላሻል።

3. የኔ ምርጫ ፕሌት ነው። ሮክዌል 6ኤስ ሶስት ፕሌት አለው፣ በሁለቱም ፊት ስለሚሰራ ስድስት ደረጃ ታገኛለህ፣ እስቲል ነው፣ የሚበላሽ ስፕሪንግ የለውም፣ ፈታ አድርገህ ቧንቧ ስር ማጠብ ነው። 6ሲ አሰራሩ ያው ሆኖ ብረቱ ሌላ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል። ካርቭ የሚባለው ሌላው ብራንድ ግን ፕሌቱን ለየብቻ ስለሚሸጥ ሶስት አራት ልሞክር ካልክ ወጪው ይበዛል። መሃል ላይ ለመቀየር መፍታት አለብህ ይላሉ፣ እውነት ነው፣ በሳሙና እጅ ምላጭ መንካትም ጥሩ አይደለም፣ ግን ቁጥርህን አንዴ ካገኘህ ማን ይቀይረዋል? እኔ 2 ላይ ነኝ፣ አንገቴ ንጹህ ነው፣ ፀጉር ቆራጬ ሳይቀር ምን አድርገህ ነው አለኝ። ጢምህ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ከ1 ጀምር የሚሉህን አትስማ፣ አልቆርጥ ሲልህ ትጫነዋለህ፣ ትደጋግመዋለህ፣ ያኔ ነው የሚብሰው። ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ሂድ፣ በተቃራኒው አንገትህን እንዳትነካው።

አገር ቤት ስትሄድ መላጫውንና ፕሌቶቹን በእጅ ሻንጣ መያዝ ትችላለህ፣ ምላጩን ግን ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሃል። ለዚህ እንኳን አታስብ፣ አዲስ አበባ ሰፈር ሱቅ የሚሸጠው ተራ ምላጭ ልክክ ብሎ ይገባል።