ስለ ቦሊቪያ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ ደቡብ አሜሪካዊቷ ቦሊቪያ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱን መርጬ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ በፈተና የቦሊቪያ ዋና ከተማ ላ ፓዝ ናት ብሎ መልሶ ተሳስተሃል ተባለ። ትክክለኛው መልስ የትኛው ነው?

መልስ፦ በሕገ መንግሥቱ ዋና ከተማዋ ሱክሬ ናት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የሚያስችለው እዚያው ነው። ፕሬዚዳንቱ፣ ሚኒስቴሮቹና ሕግ አውጪው ምክር ቤት ግን የሚሠሩት ላ ፓዝ ነው። ይህ ክፍፍል የመጣው የሱክሬና የላ ፓዝ ወገኖች በ1898 እና በ1899 ካካሄዱት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የደቡቡ (የሱክሬ ወገን) የብር ማዕድን ኃይል እየተዳከመ፣ የሰሜኑ (የላ ፓዝ ወገን) የቆርቆሮ ማዕድን ደግሞ እየበረታ ነበር። መምህሩ አልተሳሳቱም፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው «ሕገ መንግሥታዊ ዋና ከተማ» ብሎ ቢጠይቅ ለተማሪው ፍትሐዊ ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ የአገሪቱ ስፋትና የሕዝቧ ብዛት ምን ያህል ነው? የሥራ ቋንቋዎቿስ የትኞቹ ናቸው?

መልስ፦ ስፋቷ 1,098,581 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከኢትዮጵያ ጋር በጣም ተቀራራቢ ነው። የሕዝቧ ቁጥር ግን በ2024 በተካሄደው ቆጠራ 11.3 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ በአማካይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ዐሥር ሰው እንደማለት ነው። ብዙዎቻችን ቦሊቪያን የተራራ አገር አድርገን እናስባታለን፤ ነገር ግን ከግዛቷ ግማሽ በላይ የሚሆነው በሰሜንና በምሥራቅ የተዘረጋ ሞቃት ቆላ ነው። ሕዝቡም ወደዚያ እየሄደ ነው፤ በ2024ቱ ቆጠራ ከዘጠኙ ክፍለ ግዛቶች ብዙ ሕዝብ የተቆጠረው በቆላማው ሳንታ ክሩዝ ነው። ስለ ቋንቋም ጠያቂው ስላነሡ፣ የ2009 ሕገ መንግሥት ከስፓንኛ በተጨማሪ 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን በይፋ የሥራ ቋንቋነት ተቀብሏል፤ ከእነዚህ ብዙ ተናጋሪ ያላቸው ኬችዋና አይማራ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ጉዳይ ወደ ላ ፓዝ ልሄድ ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ ከፍታው የሚያስቸግረኝ አይመስለኝም። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ ይህንንም አጥብቄ የምናገረው ጉዳዩ የጤና ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ የላ ፓዝ መሐል ከተማ 3,600 ሜትር ይደርሳል። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ኤል አልቶ ደግሞ 4,061 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ጫፍ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። እዚያ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 60 ገደማ ስለሚሆን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመዱ ናቸው። የደጋ ልጅ መሆን በመጠኑ ሊረዳ ይችላል፤ ዋስትና ግን አይሆንም።

ቦሊቪያ ውስጥ ጉዞ ሲያቅዱ ከርቀቱ በፊት ከፍታውን ይመልከቱ። እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለን የምንለየው አገሪቱን ለመረዳት በጣም ይጠቅማል። ጊዜ ካለዎት በ400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሳንታ ክሩዝ ይጀምሩ፤ ከዚያ 2,800 ሜትር ገደማ በምትሆነው ሱክሬ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት አድረው ወደ ላ ፓዝ ይውጡ። በቀጥታ ላ ፓዝ መድረስ ግድ ከሆነብዎ የመጀመሪያውን ቀን ስብሰባ አይያዙበት፤ በዝግታ ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ከአልኮል ይታቀቡ። ከመነሣትዎ በፊትም የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ስለሚወሰደው አሴታዞላማይድ ስለሚባለው መድኃኒት ሐኪምዎን ያማክሩ። ዐርፈው ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ወይም መደናገርና መንገዳገድ ከታየብዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድና ሕክምና ማግኘት አለብዎት። ሆቴሎች የሚያቀርቡት የኮካ ቅጠል ሻይ በቦሊቪያ ሕጋዊ ነው፤ በብዙ አገሮች ግን ክልክል ስለሆነ ለማስታወሻ ብለው በሻንጣዎ ይዘው እንዳይወጡ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ቦሊቪያም እንደ እኛ የባሕር በሯን ያጣች አገር ናት ይባላል። እንዴት ነበር?

መልስ፦ በ1879 ከቺሊ ጋር በተጀመረው ጦርነት የፓስፊክ ጠረፏን በሙሉ አጥታለች፤ በ1904 በተፈረመው ስምምነትም ጠረፉ ለቺሊ ሲጸና ቦሊቪያ በቺሊ ወደቦች ዕቃዋን በነፃ የማሳለፍ መብት አገኘች። ቺሊ ስለ ባሕር መውጫ እንድትደራደር ሕጋዊ ግዴታ አለባት ብላ ቦሊቪያ ያቀረበችውን ክስም ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2018 በ12 ድምፅ ለ3 ውድቅ አድርጎታል። ሕዝቡ ግን አልረሳውም፤ ማርች 23 በየዓመቱ የባሕር ቀን ሆኖ ይከበራል። አገሪቱ የባሕር ኃይልም አላት፤ መርከቦቹ በወንዞችና 3,812 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው፣ ስፋቱ ከጣና ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነው የቲቲካካ ሐይቅ ላይ ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ የኡዩኒን የጨው ሜዳ ለማየት የትኛው ወር ይሻላል? ከአዲስ አበባስ በየት በኩል ይኬዳል?

መልስ፦ ወቅቱ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅ ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት መኪና በሜዳው ላይ እንደ ልብ ይሄዳል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳልና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘንበው ዝናብ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ጨው በስሱ ሲሸፍነው ሰማዩ እንደ መስታወት ይታይበታል፤ ይሁንና አንዳንድ መንገድ ይዘጋል። እኔ ለመጀመሪያ ጉዞ ደረቁን ወቅት እመርጣለሁ።

ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። አንዱ መንገድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያም በሌላ አውሮፕላን ወደ ሳንታ ክሩዝ መሄድ ነው። የቪዛው ደንብ በያዙት ፓስፖርት ስለሚለያይ፣ የቦሊቪያን መግቢያና የብራዚልን መተላለፊያ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት ከቆንስላዎቹ ያረጋግጡ። የቢጫ ወባ ክትባትም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይከተቡና ካርዱን ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ። ከደረሱ በኋላ ወደ ቤት ሲደውሉ ሰዓቱን ያስቡ፤ ቦሊቪያ ከኢትዮጵያ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እዚያ ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው።