ሐምሌ የተተከለው ጥር ላይ

ልጆቼ፣

የምኖረው ጉራራ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። ጠዋት ወደ ላይ ስወጣ የሚቀበለኝ ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማዋን ከማገዶና ከእንጨት እጦት አውጥቷታል፤ ክፉ አልናገረውም። ከሥሩ ግን ሣር እንኳ ብዙም አይበቅልም። መሃል ላይ አንድ ጽድ ወይም ወይራ ካገኘሁ ቆም ብዬ አየዋለሁ።

ዕድሜዬን በበጀት ሥራ ነው የጨረስኩት። አሁን በጀት ክፍል ለገባችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ዕቅዱ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚለውን አንብባችሁ አትርኩ። ገንዘቡ የትኛው የሒሳብ መደብ ላይ፣ ማለትም በየትኛው የወጪ ዓይነት ሥር፣ እንደተያዘ እዩ።

ችግኝን ውሰዱ። የሚፈላው በበጋ ነው። ጉድጓዱ ከክረምቱ በፊት ይቆፈራል፣ ተከላው ሐምሌ ላይ ነው። በጀታችን ደግሞ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ሥራው አንድ ሆኖ ሒሳቡ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ የሰኔው ጥድፊያ አለ፤ ያልወጣው ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ግዢ ላይ ይረባረባል። የቆፋሪዎች ክፍያ የሚዘነጋው ያኔ ነው።

አንድ ዓመት፣ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት፣ ለተከላ ጥሩ የካፒታል በጀት አስያዝን። ውሃ ለሚያጠጣና ከብት ለሚከላከል ሰው ግን ደሞዝና የዘወትር ሥራ ማስኬጃ በሚሸፈንበት መደበኛ በጀት ውስጥ አንድ ብር አልነበረም። ጥር ላይ ቦታው ድረስ ሄድኩ። አብዛኛው ደርቋል። ሪፖርቱ «ተከናውኗል» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላም አለ። አንዱ ክፍል ወንዝ ዳር ችግኝ ሲተክል፣ የመንገድ ሥራው ቁፋሮ አፈሩን እዚያው ይደፋል። የሁለቱም ክፍያ ከአንድ ካዝና ነው የሚወጣው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 የመንግሥት ወጪዋን አካባቢን የሚጠቅምና የሚጎዳ ብላ ለይታ ከበጀት ረቂቋ ጋር አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች የተስማሙበት ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍም ተፈጥሮን የሚጎዱ ድጎማዎችና ማበረታቻዎች እስከ 2030 ድረስ በዓመት ቢያንስ በ500 ቢሊዮን ዶላር እንዲቀነሱ ይላል። እኛም የሚጎዳውን በስሙ ጠርተን መጻፍ አለብን። ከባዱ ይሄ ነው፤ የሚጠቅመውን መዘርዘር ማንም ይችላል።

በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ላይ የተከላ ጥያቄ ሲመጣላችሁ፣ ጥር ላይ ማን እንደሚያጠጣና ደሞዙ ከየት እንደሚከፈል ጠይቁ። ካልተያዘለት የችግኙን ቁጥር አስቀንሱና ለጥበቃው አድርጉት። ሪፖርቱ ላይም «የተተከለ» ከሚለው ዓምድ ጎን «የጸደቀ» የሚል ጨምሩ።