«ግፊቱ ወርዶ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፦ ከእጥበት ክፍል የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው በድንገት ራሱን ሲስት ምን ይደረግ? የጠየቁት ነርሶችም፣ ታማሚዎችም፣ አስታማሚዎችም ናቸው። እጥበት ክፍል ውስጥ ሰው ሲዝለፈለፍ «ግፊቱ ወርዶ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን ግፊቱ ለምን ወረደ? ይህን የማይጠይቅ ክፍል በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ሰው ሲያነቃ ይውላል።

«የእጥበት ክፍል ነርስ ነኝ፤ ለሥራው አዲስ ነኝ። ባለፈው አንድ አባት ዓይናቸው ተገለበጠና ዝም አሉ። እኔ ወደ ማሽኑ ሮጥኩ፣ ባልደረባዬ የግፊት መለኪያ ፍለጋ ሄደች። መጀመሪያ የቱ ነው የሚደረገው?» (ከሐዋሳ)

መጀመሪያ ሰውየው ጋ ነው የሚኬደው። ስማቸውን ጠርተሽ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርጊ። እየተነፈሱ ነው? አንገታቸው ላይ የልብ ትርታ አለ? ይህን ለማየት ከ10 ሰከንድ በላይ አይፈጅም። እያየሽ ሰው ጥሪ፤ ብቻሽን አትታገዪ።

ትርታ ከሌለ ደረት መጫን ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ። ትርታና ትንፋሽ ካለ፣ ማሽኑ ከሰውነታቸው ትርፍ ውሃ ማውጣቱን ወዲያው አቁሚ ወይም ወደ ዝቅተኛው አውርጂው። አልጋውን ወይም ወንበሩን ዘርጊና እግራቸውን ከፍ አድርጊ። በክፍላችሁ መመሪያ መሠረት ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ስጪ፤ ብዙ ቦታ ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ይጀመራል። ከዚያ ግፊት፣ ኦክስጅንና ስኳር ይለካ። የሚያስመልሳቸው ከሆነ ወደ ጎን አዙሪያቸው። ለማንቃት ብለሽ ግን ቀና አድርገሽ አታስቀምጪያቸው። ቀና ሲሉ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ይብስ ይቀንሳል።

አሁን ደግሞ ክንዳቸውን ግለጪ። አደራ የምልሽ ይህን ነው። የኛ ሰው በእጥበት ሰዓት ይበርደዋል፤ ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ይተኛል። ፊስቱላው (ለእጥበት ተብሎ ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የተያያዘው ደም ሥር) ላይ ያለው መርፌ ከወለቀ ደሙ ጋቢው ውስጥ ይፈሳል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም የሚያዞር ከሆነ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ ሊፈስ ይችላል። የማሽኑ ማንቂያ ደግሞ ሁልጊዜ አይጮህም። ስለዚህ መርፌው ያለበት ክንድ ሁሌም ከጋቢ ውጭ ይሁን። ብርድ ነው ካሉ ሌላውን አካላቸውን አልብሺ። መርፌው ወልቆ ካገኘሽው ፓምፑን አቁሚ፣ ቱቦዎቹን ቆልፊ፣ ቀዳዳውን ተጭነሽ ያዢ።

ቱቦውንም በዓይንሽ ተከተዪው። አየር ወይም አረፋ ካየሽ፣ ወይም ደሙ እንደ ቀይ ወይን ጠጅ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ከታየሽ፣ ፓምፑን አቁመሽ ቱቦውን ቆልፊ። ያንን ደም ወደ ሰውየው አትመልሺ። ሐኪም ጥሪ። አየር ገብቶ ከሆነ በግራ ጎናቸው ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገሽ አስተኚያቸው፤ ኦክስጅን በሙሉ ይሰጣቸው። እጥበት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከማሳከክና ከደረት መጨነቅ ጋር ራሳቸውን ከሳቱ ደግሞ የማሽኑ ደም ማጣሪያ አለርጂ ሆኖባቸው ሊሆን ይችላል። ያኔም ደሙ አይመለስም።

ሌላው ነገር፣ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ከመሳቱ በፊት ይናገራል። ደጋግሞ ያዛጋል። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ይላል። «ሞቀኝ» ይላል። ወሬኛው ሰው ድንገት ጭጭ ይላል። ማዛጋቱን አይተሽ ግፊት ከለካሽ አብዛኛውን ጊዜ ትቀድሚዋለሽ።

«ታማሚ ሲወድቅ ቤተሰብ ገብቶ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል፣ ውሃም ይደፋበታል። መከልከል ከበደን።» (ነርስ፣ ከደሴ)

ከልክሉ። ክብሪት የሚያነቃው በሽታ የለም። ኦክስጅን በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ውሃውም ትንታ ሊሆን ይችላል፤ ወለሉን ያንሸራትታል፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያም አጠገብ ነው። ቤተሰቡ የሚያደርገው ሲያጣ ነው እንዲህ የሚሆነው። አንዱን «እናቴ፣ እግራቸውን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ» በሉት። ሥራ ሲሰጠው ይረጋጋል፤ ሌላው ወደ ውጭ ይውጣ።

«አባቴ ገንዘብ ስለሚያጥረን በሳምንት ሁለቴ ነው የሚታጠበው። በየጊዜው 5 ኪሎ ጨምሮ ይሄዳል። ማለቂያው ላይ ሁልጊዜ ይዝለፈለፋል። ነርሶቹ ጥፋቱ የኛ ነው ይላሉ።» (ከጎንደር)

ጥፋተኛ መፈለጉን እንተወው፤ ሂሳቡን እንየው። የአባትሽ ደረቅ ክብደት (ትርፍ ውሃው ሲወጣ የሚቀረው ክብደት) 55 ኪሎ ነው እንበል። 5 ሊትር በ4 ሰዓት ሲወጣ በሰዓት 1,250 ሚሊ ሊትር ነው። ለ55 ሲካፈል ለአንድ ኪሎ በሰዓት ወደ 23 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ባይታለፍ የሚሉት ደግሞ 13 ነው። በዚህ ልክ በ4 ሰዓት ሊወጣ የሚችለው 2.9 ሊትር ገደማ ነው። ማሽኑ ውሃ የሚያወጣው ከደም ሥር ውስጥ ነው። እግርና ሆድ ላይ ያበጠው ውሃ ወደ ደም ሥር እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ማሽኑ ከቀደመው ደም ሥሩ ይጎድላል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አባትሽ ይዝለፈለፋሉ።

ስለዚህ ከባለሙያዎቹ የሚጠበቀው ሁሉንም በአንድ ቀን ለማውጣት አለመታገል ነው። ሰዓቱ ይርዘም። ካልተቻለ የተረፈው በተጨማሪ ቀን ይውጣ። የማጠቢያው ፈሳሽ ሙቀት ወደ 36 ዲግሪ ወይም ትንሽ ዝቅ ቢደረግ ግፊት እንዳይወርድ ያግዛል፤ ምንም ወጪ የለውም። ደረቅ ክብደታቸውም እንደገና ይመርመር። ምግብ ተስማምቷቸው ሥጋ ጨምረው ከሆነ ድሮ የተጻፈው ቁጥር አይሠራም፤ ማሽኑ የሌለ ውሃ እየፈለገ ነው ማለት ነው። የልብ ምርመራ ካላደረጉም ሐኪሙን ጠይቂ፤ የደከመ ልብ ይህን ያህል አይችልም።

ከእናንተ የሚጠበቀው ጨው መቀነስ ነው። ጨው የበላ ሰው ውሃ አትጠጣ ቢባል አይችልም፤ መጀመሪያ ሚጥሚጣውንና በርበሬውን ከጨው ጋር ማደባለቁ ይቅር። ሾርባም፣ ሻይም፣ አጥሚትም ፈሳሽ ናቸው። ጠበልም እንደዚያው። እምነታችሁን አልነካም፤ ግን በሊትር የተጠጣ ጠበል ሰውነት ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። አባትሽ ከፈለጉ ይረጩት፣ ጥቂት ይቅመሱ፤ መጠኑ ግን ከቀኑ ፈሳሽ ላይ ይቆጠር። ለነርሶቹም የምለው አለኝ። በሳምንት ሁለቴ የሚታጠብ ሰው በመካከል ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ይህን ያመጣው የኪስ ጉዳይ ነው። የምትቆጡት ሰው ገንዘብ ቢኖረው ሦስቴ ይመጣ ነበር።

«የስኳርና የኩላሊት ታማሚ ነኝ። በሁዳዴ ጾሜ ወደ እጥበት ሄጄ ራሴን ሳትኩ። ነርሷ ሳላይን ሰጠችኝ፣ አልነቃሁም። በኋላ ስኳር ወርዶ ነው አሉ።» (ከአዲስ አበባ)

ነርሷ ስኳርዎን ቀድማ መለካት ነበረባት። ደቂቃ አይፈጅም። ከ70 በታች ከሆነና ታማሚው መዋጥ ካልቻለ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥር በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ስለዚህ ጾመው የወጉት ኢንሱሊን ከበፊቱ ይበልጥ ይጫንዎታል። በእጥበት ቀን መጾሙን ለንስሐ አባትዎ ያማክሩ፤ ስለ ሕመምዎ በግልጽ ይንገሯቸው። በረመዳን ጊዜም ጥያቄው ያው ነው።

የግፊት ኪኒንዎንም ጠዋት ወስደው ከሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ለአንዳንዱ ታማሚ ከእጥበት በኋላ ይደረግለታል። በራስዎ ግን አያቁሙ። እጥበት ላይ ሆነው ከባድ ምግብ አይብሉ። ደም ወደ ሆድ ይሄድና ግፊት ይወርዳል።

«ሜሪላንድ ውስጥ የእጥበት ቴክኒሻን ነኝ። ታማሚው ትርታ ከሌለው መጀመሪያ ደሙን መመለስ አለብኝ ወይስ ደረት መጫን?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ደረት መጫን። ደም ለመመለስ ብሎ ልብ አይጠበቅም። አንድ ሰው 911 ይደውል፣ አንዱ ኤኢዲውን (ልብን በኤሌክትሪክ ሾክ የሚያስነሳውን መሣሪያ) ያምጣ፣ አንዱ ይጫን። ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ከሥሩ ካልጠነከረ ይደገፍ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ማሽኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው ውሃ ማውጣቱን አቁሞ፣ አየር ወይም የተበላሸ ደም ከሌለ ደሙን ይመልስና ከማሽኑ ይለየው። መርፌው ወይም ካቴተሩ (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቱቦ) ግን አይነቀል፤ መድኃኒት የሚሰጥበት መንገድ ነው። የእጥበት ማሽናችሁ የኤኢዲውን ሾክ እንዲችል ተደርጎ ካልተሠራ ሾክ ከመስጠታችሁ በፊት ታማሚው ከማሽኑ መለየት አለበት። የማሽኑን ወረቀት ዛሬውኑ አይተህ እወቀው። የመጣውን ቡድን «የእጥበት ታማሚ ነው፣ የመጨረሻ እጥበቱ በዚህ ቀን ነበር» በላቸው። ፖታሲየም ከፍ ብሎ ልብን ሊያቆም ስለሚችል ይህ ወሬ ሕይወት ያድናል። በሙያህ ምን ያህል እንደተፈቀደልህ ግን በስቴትህና በክሊኒክህ ደንብ ይወሰናል፤ አስቀድመህ ጠይቅ።

«እጥበት ጨርሼ ደረጃ ላይ ወደቅኩ። ሠራተኞቹ ቀጣይ ታማሚ እየጠበቀ ነው ብለው ቶሎ አስነስተውኝ ነበር።» (ከአዳማ)

መነሳት ያለብዎት በደረጃ ነው። መጀመሪያ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ ቆመው ግፊትዎ ይለካል። ቆመው ሲለካ ከወረደ ወይም ዞር ዞር ካለብዎት መልሰው ይተኛሉ። ቀጣዩ ታማሚ ይታገሣል፤ እርስዎም ነገ የሚጠብቁ ሰው ይሆናሉና ሥርዓቱ ለሁላችሁም ነው። መውደቅዎንም መዝገብዎ ላይ ያስጽፉ፤ ካልተጻፈ ሐኪሙ ደረቅ ክብደትዎን የሚያስተካክልበት ምክንያት አያገኝም። ጭንቅላትዎን ከተመቱ ደግሞ በእጥበት ጊዜ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ስለሚሰጥ ጭንቅላት ውስጥ ደም በቀላሉ ሊፈስ ይችላል፤ ራስ ምታት ወይም ማስመለስ እስኪጀምር ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለጊዜው ብቻዎን ባጃጅ ውስጥ አይግቡ፤ የሚያደርስዎት ሰው እስኪመጣ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ይቆዩ።