ከመሄዳችሁ በፊት መመለሻውን አስፈርሙ

ልጆቼ፣

ባለፈው ማክሰኞ ማታ የጎረቤቴ ልጅ ሰማያዊ ክላሴር ታቅፋ ወደ ቤቴ ገባች። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ናት። ቡና እየተፈላ ነበርና ከረከቦቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ክላሴሩን ግን ከጭኗ አላወረደችውም። «ጋሼ፣ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ለአንድ ሴሚስተር ወደ አውሮፓ የሚወስድ የተማሪ ልውውጥ ዕድል ደርሷታል። አባቷ የእቁብ ጓደኞቹን ለምኖ ተራውን አስቀድሞ ወስዷል። ክላሴሩን ስከፍተው ሁሉም ነገር አለ፤ የፓስፖርት ቅጂ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ማኅተም የበዛበት ትራንስክሪፕት። አንድ ወረቀት ብቻ የለም። ይህን ደብዳቤ ለእናንተም እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ የጎደለው ወረቀት ነው።

በባሕር ዳር ከሠላሳ ዓመት በላይ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ለመሄድ የሚጓጓ ተማሪ ሲመጣብኝ «አገርህ ምን አነሰህና» የምል ሰው አይደለሁም። የዚህች ከተማ ትምህርት ራሱ ከውጭ ሰው ጋር በመሥራት የተገነባ ነው። ፖሊ የምንለው የፖሊቴክኒክ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተከፈተ። ፔዳ የምንለው የመምህራን ማሠልጠኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለቱ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እኔም ብሆን ስድስት ወር ሄጄ ተመልሻለሁ።

የእኔ ጉዞ የጀመረው አንድ እንግዳ በመምጣቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የሆላንድ ተማሪ የጣናን ዓሦች ሊያጠና መጣ። በሐይቁ ውስጥ በቅርብ የሚዛመዱ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች እንዳሉ የታወቀው በእነዚያ ዓመታት በተደረጉ ጥናቶች ነው። ልጁ ማለዳ ማለዳ ታንኳ ወደሚቆምበት ዳርቻ እየወረደ የዓሣውን አፍ፣ ክንፍና ጭንቅላት በመለኪያ ይለካል፤ ይመዘግባል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ሲያዩት ቆዩና ክምሩን በእጃቸው ይለያዩት ጀመር። ይህ ሌሎች ዓሦችን የሚበላ ነው፣ ይህ ከጭቃ የሚለቅም ነው፣ ይህ ገደል ገደሉን የሚውል ነው እያሉ አምስት ቦታ ከመሩት። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ልጁ መለኪያውን አስቀምጦ እስክሪብቶ አነሣ። በዚያች ማለዳ አስተማሪው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

በዓመቱ ተራው የእኔ ሆነና ሆላንድ ሄድኩ። አይስልሜር የሚባለውን ሐይቅ አሳዩኝ። ቀድሞ የባሕር ወሽመጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ግድብ ዘግተው ጨው አልባ ውኃ አደረጉት። ብዙ ሰው የሚደነቀው በግድቡ ነው። እኔን ያስቀናኝ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ ያየሁት የደብተር ብዛት ነው። ለአሥርት ዓመታት በየሳምንቱ አንድ ሰው ጀልባ ላይ ወጥቶ የውኃውን ጥራት ለክቶ ጽፏል። ዝናብም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን።

መለኪያው ደግሞ ምንም አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የሳህን ያህል ክብ ቆርቆሮ በገመድ ታስሮ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ከዓይን ሲሰወር ገመዱ ይለካል። ሴኪ ዲስክ ይሉታል፤ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1865 ያወጣው ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ ነው (ቄስና ሐይቅ ለጣና ሰው እንግዳ አይደሉም)። እንደተመለስኩ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ሃያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አስቆረጥኩ፤ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ገመዱን ቋጠርኩ። ሰውየው «ይህ ለምን ይሆናል?» አለኝ። «ውኃው ምን ያህል እንደደፈረሰ ለማወቅ» ስለው «ይህንንማ በዓይኔ ዐየዋለሁ» ብሎ ሳቀብኝ። በክረምት እውነቱን ነው፤ ወንዞቹ አፈሩን ይዘው ሲገቡ ሳህኑ ገና ከመስመጡ ይጠፋል። ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታይቶ «ድሮ ውኃው እንዴት ነበር?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የጥያቄውን ጥቂት ክፍል የሚመልስ ደብተር በእጄ ነበር። ከስድስት ወሩ ያተረፍኩት ይኸው ነው፤ አንድ ቆርቆሮና የመጻፍ ልማድ። ዲግሪ አላመጣሁም።

የከፈልኩትን ደግሞ ልንገራችሁ። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አጎቴና ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ያሳደገችኝ አክስቴ ካረፈች አራት ወር ሆኗት ነበር። በስልክ ስጠይቅ ሁሉ «ደኅና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሉኝ ነበር። መርዶ ለስደተኛ አይነገርም፤ ልማዱን አውቃለሁ፣ አልቀየምኩም። ግን ለአራት ወር ለሞተ ሰው ሰላምታ ስልክ ነበር። በየትኛውም የማመልከቻ ቅጽ ላይ ለዚህ የሚሞላ ሣጥን የለም።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። በልውውጥ ደንብ በአብዛኛው የምትሄዱበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቃችሁም፤ ተመዝጋቢነታችሁም በአገራችሁ ይቀጥላል። ኢራስመስ የተባለው የአውሮፓ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀምር በ11 አገሮች መካከል 3,244 ተማሪዎችን ነበር ያንቀሳቀሰው፤ ዛሬ ለእኛም ተከፍቷል፤ ከእኛ አገር ለሚሄድ ተማሪ እንደየአገሩ የኑሮ ውድነት በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይከፍላል። በብር ስታባዙት ትደነግጣላችሁ፤ እዚያ ደርሳችሁ የቤት ኪራይ ስትጠየቁ እንደገና ትደነግጣላችሁ። ቤተሰብን የሚጎዳው ግን የክፍያው ጊዜ ነው። ሰነድ ማረጋገጫው፣ ለኤምባሲ ቀጠሮ አዲስ አበባ መመላለሱ (መንገዱ በማይታመንበት ጊዜ በአውሮፕላን)፣ ኢንሹራንሱ፣ የቤት መያዣው፣ ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ክፍያ ይቀድማል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የአባት እቁብ በብር ነው፤ ኢንሹራንሱ በዩሮ። የሚሸፈነው ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚደርስ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዓመቱ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ለሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ውጭ ሄደች። ጎበዝ ነበረች፤ ሁሉንም በጥሩ ውጤት አልፋ መጣች። ውጤቷን ይዛ ወደ ትምህርት ክፍሏ ስትሄድ ከወሰደቻቸው ኮርሶች ሁለቱ እዚህ አቻ የላቸውም ተባለች። ይባስ ብሎ ያመለጣት አንድ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ ያለ እርሱ ወደ አራተኛ ዓመት ኮርሶች የማያሳልፍ ሆነ። ስትሄድ «ችግር የለም» ብለዋት የነበሩት ኃላፊ ተዛውረዋል። አዲሱ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፋይሉን ገልጠው ፈለጉ፤ ምንም አላገኙም። «ችግር የለም» ፋይል ውስጥ አይገባም። ጓደኞቿ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ ፎቶግራፍ ያነሳቻቸው እርሷ ነበረች።

የጎረቤቴ ልጅ ክላሴር ውስጥ የጎደለው ወረቀት ይኸው ነው። ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ የምትወስዱት ኮርስ እዚህ በየትኛው ኮርስ እንደሚተካ፣ አውሮፓ በሴሚስተር ሠላሳ ብሎ የሚቆጥረው ክሬዲት እዚህ ስንት ሆኖ እንደሚያዝ፣ በሌላችሁበት የሚያመልጣችሁን ኮርስ መቼ እንደምትወስዱት የሚዘረዝር የትምህርት ስምምነት አለ። እናንተ፣ የላኪው ዩኒቨርሲቲና የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ትፈርሙበታላችሁ። ቅጹን ሁሉም መሙላት አለበት፤ የእኛ ተማሪዎች ግን የቪዛውን ወረቀት በሩጫ ሲያሳድዱ ይህኛውን «ስመለስ ይስተካከላል» ይሉታል። አይስተካከልም። የትምህርት ክፍሉ ከፈረመ በኋላ አንዱን ቅጂ ሬጅስትራር ዘንድ አስገቡ፤ የገባበትንም ቁጥር ያዙ። ተመራቂ ዓመታችሁ ላይ ደግሞ አትሂዱ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ «ልውውጥ» የሚለውን ቃል «መውጫ» ብላችሁ እንደምታነቡት አውቃለሁ። ዘመኑን ስለማውቅ አልፈርድባችሁም። ቢሆንም የልውውጥ ወንበር ከሁለት ተቋማት ውል የሚገኝ ነው፤ ሄዶ የቀረ ተማሪ የሚዘጋው ከኋላው የምትመጣውን ልጅ በር ነው። አሜሪካም በልውውጥ ቪዛ ከሚገቡት አንዳንዶቹን ሁለት ዓመት አገራቸው ተመልሰው ካልኖሩ በቋሚነት እንዲኖሩ አይፈቅድም። ለመውጣት ከቆረጣችሁ ለሙሉ ዲግሪ በግልጽ አመልክቱ፤ እርሱ ሌላ መንገድ ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤውንም እጽፋለሁ።

ስለ መሄድና መመለስ ሳስብ ከባሕር ዳር በጀልባ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ የምትርቀው ዘጌ ትታወሰኛለች። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1887 ለትምህርት ጣሊያን ተላከ፤ ሥዕል ተማረ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው እርሱ ነው፤ በኔፕልስም አማርኛ አስተምሯል። ያው ሰው በወረራው ዘመን ከፋሺስት ጣሊያን ጋር አብሮ፣ ከነፃነት በኋላ ጅማ በግዞት ሞተ። ወጣት ሆኖ የተቀበለው አገር ልቡን ሙሉ በሙሉ ወሰደው። አበው «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላሉ። የአፈወርቅ ነገር ከዚህም ይብሳል፤ ጭነቱን ወድዶት ነበር። ድርሰቱንም ጥፋቱንም አንድ ጉዞ ወለዳቸው፤ አንዱን ከሌላው ለይቼ ልነግራችሁ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ዕድሉ ያልደረሳችሁስ? እ.ኤ.አ. በ1958 አክራ ላይ ነፃ የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥታ ነበር። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች መጥተው አዲስ አበባ ከእኛ ልጆች ጋር ተማሩ። መንግሥት እንግዶቹን የሚያስተምር መስሎት ነበር፤ የተማሪዎችን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ግን እንግዶቹ የእኛን ልጆች ስለ ቅኝ አገዛዝ፣ ስለ አፍሪካ፣ ስለ ተማሪ ማኅበር እንዲጠይቁ ቀሰቀሱ። የእኛ ልጆች ከወንበራቸው ሳይነሡ ተጓዙ።

እዚሁ ከተማችንም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየመጡ በተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ትምህርት አስተምረዋል። ተማሪው እዚሁ ሆኖ፣ የራሱን ወንዝና የራሱን ገበሬ መሬት እያጠና የውጭ ዲግሪ አገኘ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከሁሉም የልውውጥ ዓይነት ይህኛው ይበልጥብኛል፤ መርዶም አያስደብቅም። አሁን የውጭ ተማሪ በሐይቁ ዳር እምብዛም አይታይም። ሲመጣ ግን እንደ አስጎብኚ ብቻ አትሁኑ፤ የያዘውን ደብተር እዩ፣ ምን እንደሚለካ ጠይቁ፣ የምታውቁትንም ንገሩት።

ለጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ክላሴሩን ዘግቼ መለስኩላትና «የትምህርት ክፍልሽ ኃላፊ የፈረመበትን የኮርስ ዝርዝር ይዘሽ ነይ፤ ደብዳቤውን ያን ጊዜ እጽፍልሻለሁ» አልኳት። ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ። «ጋሼ፣ ችግር የለም ብለውኛል እኮ» አለች።

ዛሬ ዓርብ ነው። ገና አልመጣችም።