ለጌም ሠሪ ወጣቶች፦ ታንኳዋ ለምን ትፈናጠራለች?

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ፣ «ጋሼ፣ የሠራሁትን የፊዚክስ እንቆቅልሽ ጌም ጓደኞቼ እየተናደዱ ተዉት፤ ሌላ ዓይነት ብሠራ አይሻልም?» አለችኝ። የፊዚክስ እንቆቅልሽ የምንለው ነገሮች እንደ እውነተኛው ዓለም እየወደቁና እየተንሳፈፉ የሚፈታ ጌም ነው። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

እዚሁ ባሕር ዳር አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ከዘጌ ማገዶ በታንኳ እያመጡ ይሸጡ ነበርና የጀመረው ጌም ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ እንጨቱን ታንኳዋ ላይ ይደረድራል፣ ከእንጨት እንጨት እየዘለለ ሚዛን ይጠብቃል፣ ሳይገለበጥ ከዳር ይደርሳል። አባትየው አንድ ቀን መጥተው አዩና፣ «ደንገል እኮ ውኃ ይጠጣል፤ እየቆየች መክበድ አለባት» አሉ። ይህን ሲጨምርበት ጌሙ ነፍስ ዘራ። እኔም አንዱን ረጅም እንጨት አግድም አስተኝቼ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ውኃው ላይ አርፈው ታንኳዋን ደግፈው አሻገርኳት። እሱ ፈጽሞ ያላሰበው መፍትሔ ነበርና ከደስታው የተነሣ ከወንበሩ ብድግ አለ። የዚህ ዓይነት ጌም ጣዕሙ ይህ ነው።

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን እንጨቱ ታንኳዋ ውስጥ ይሰጥምና ታንኳዋ ወደ ሰማይ ትፈናጠራለች። ልጁ የሒሳብ ችሎታውን ተጠራጠረ። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ስሌቱ ከፍሬሙ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ከሚታየው እያንዳንዱ ምስል ጋር ታስሯል። በሰከንድ 3 ሜትር የሚወርድ እንጨት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያወጣ ማሽን ላይ በአንድ ፍሬም 5 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ 15 ፍሬም ብቻ በሚያወጣው ላይ ግን 20። መነካካታቸው ሳይታወቅ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ ፕሮግራሙም ሁለቱን ለማላቀቅ በኃይል ይገፋቸዋል። መፍትሔው ስክሪኑ ቢዘገይም ስሌቱን ሁልጊዜ በ1/60 ሰከንድ እርምጃ ማስኬድ ነው፤ በደካማው ማሽን ላይ ለአንድ ፍሬም አራት ጊዜ ማስላት። ያኔም በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነበር፤ እኛ ዘንድ የሚነግረን አልነበረም። ልጁ ኮድ መጻፉን እርግፍ አድርጎ ተወው። እንደዚያ ያለ እጅ ሲባክን ማየት ያንገበግባል።

ዛሬ እንደ ቦክስ ቱ ዲ (Box2D) ያለ፣ የነገሮችን እንቅስቃሴና ግጭት የሚያሰላ የፊዚክስ ኮድ በነፃ ታገኛላችሁ። እናንተ ግን አውርዳችሁ ትለጥፉና ሲበላሽ ሌላ ታወርዳላችሁ፤ ትዕግሥት የላችሁም። ከመንካታችሁ በፊት ውስጡን አንብቡ። የለም፣ እንዲያውም መጀመሪያ ሥሩበት፤ ሲሰበር ታነቡታላችሁ።

አንቺ ልጄ፣ ንዴት ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ወርልድ ኦፍ ጉ የተባለ ጌም ላይ የገነባሽው ማማ ይናዳል፤ ነገር ግን ለምን እንደተናደ ታያለሽ፣ የመጨረሻ እርምጃሽንም የምትመልሽበት መላ አለው። በ2010 የወጣው ሊምቦ የተባለ ጌም ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ ደጋግሞ ይሞታል፤ ወዲያውም እዚያው አቅራቢያ ይነሣል። እንግዲህ ጓደኞችሽ ሲጫወቱ ከኋላቸው ቆመሽ ዝም ብለሽ አዳምጪ። «ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» ካሉ ጌምሽን አትንኪው። «ይሄማ ውሸት ነው!» ካሉ ኮድሽን ክፈቺ፤ ከዚያ በፊት ግን ቤት ውስጥ ባለው በጣም ደካማ ስልክ ላይ ሞክሪው።