በራሳቸው የሚከፈቱ የመኪና በሮች፦ ኮንትሮል ዩኒቱ ከመቀየሩ በፊት

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጉዞ ስትጀምር አራቱም በሮች በራሳቸው ይቆለፉ ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ሁለት ችግር ገጥሞኛል። በሮቹ ተቆልፈው እየሄድኩ ሳለ ጎርባጣ መንገድ ላይ ስደርስ ድንገት ቀጭ ብለው ይከፈታሉ፤ ቆሜ በሪሞት ስቆልፋቸውም አንዳንዴ ወዲያው ተመልሰው ይከፈታሉ። በተጨማሪም የግራ የኋላው በር ከሌሎቹ ጋር አብሮ አይቆለፍም፤ ከውስጡ ደካማ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ፊውዝ ባስቀይርም ለውጥ አላገኘሁም። አሁን ባለሙያው በሮቹን የሚቆጣጠረው ኮንትሮል ዩኒት መቀየር አለበት ብሎኛል። ከኋላ የሚቀመጥ የ4 ዓመት ልጅ ስላለኝ ነገሩ አሳስቦኛል። ምናልባት ከጠቀመ፣ ምንም በር ሳይከፈት የበር ክፍት ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ አንዳንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

መልስ፦ ኮንትሮል ዩኒቱን ለጊዜው አያስቀይሩ። በገለጹልን ሁኔታ ጥፋቱ የእሱ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ዕቃው ውድ ከመሆኑም በላይ በብዙ መኪናዎች ላይ ከተገጠመ በኋላ ከመኪናው ጋር እንዲናበብ በኮምፒውተር መስተካከል ስላለበት፣ ያለ በቂ ማስረጃ የሚነካ አይደለም። በእኔ ግምት መኪናዎ ላይ ያሉት ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ ምርመራውን ያሳሳተውም ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር ይመስለኛል።

የዚህ ዓይነት ብልሽት ሲፈለግ በቅድሚያ የሚታየው ስንት በር እንደተነካ ነው። እምቢ ያለው አንድ በር ብቻ ከሆነ ምክንያቱ የሚገኘው በዚያው በር ውስጥ ወይም ወደዚያ በር በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ሁሉም አብረው ከተረበሹ ደግሞ ሁሉም የሚጋሩት ነገር፣ ማለትም ባትሪው፣ ፊውዙ፣ ሪሌው (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ)፣ ከሾፌሩ በር የሚነሳው ትእዛዝ ይፈተሻል። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ እሱን ይተዉት። ፊውዝም ወይ ደኅና ነው ወይ ተቃጥሏል፤ መቀመጫው ላይ ካልላላ በስተቀር ጎርባጣ መንገድ እየጠበቀ የሚያስቸግር ፊውዝ የለምና መቀየሩ ለውጥ አለማምጣቱ አያስገርምም።

ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ፍንጭ በመጨረሻ የጠቀሱት ብልጭታ ነው። በዘመናዊ መኪናዎች በሩ መከፈቱንና መዘጋቱን ለኮንትሮል ዩኒቱ የሚያሳውቅ ትንሽ ስዊች አለ፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ የሚገኘው በበሩ መቆለፊያ ውስጥ ነው። የሾፌሩ በር ክፍት ነው የሚል መልእክት የደረሰው ዩኒት፣ ቁልፉን ውስጥ ረስተው በሩ እንዳይቆለፍብዎ በማሰብ በተሠራበት መንገድ መሠረት አልቆልፍም ይላል፣ ወይም የቆለፈውን መልሶ ይከፍታል። በጉዞ ላይ ለሚደርሰው መከፈት ደግሞ ዋናው ተጠርጣሪ በሾፌሩ በር ላይ ካለው የመክፈቻ ማብሪያ የሚመጣው ሽቦ ነው፤ ልባሱ ተልጦ የበሩን ብረት ወይም ሌላ ሽቦ በነካ ቁጥር ዩኒቱ እርስዎ መክፈቻውን የተጫኑ ይመስለዋል። በሁለቱም ሁኔታ ዩኒቱ የሚፈጽመው የደረሰውን ትእዛዝ ነው፤ የተሳሳተው ትእዛዙ ነው።

እነዚህ ሽቦዎች ሁሉ የሚያልፉት በአንድ ጠባብ ቦታ ነው። የሾፌሩን በር እስከ መጨረሻው ከፍተው በማጠፊያዎቹ መካከል ቢመለከቱ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የጎማ ቱቦ ያያሉ። ይህ በር ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ለዓመታት ሲታጠፉና ሲዘረጉ ኖረው መጨረሻ ላይ ይሰነጠቃሉ። መኪናውን ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርገው፣ አንድ ሰው ዳሽቦርዱን እየተመለከተ እርስዎ ቱቦውን በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት። ምልክቱ ብልጭ ካለ ወይም በሮቹ ቀጭ ካሉ ቦታውን አገኙት ማለት ነው።

ከዚያ ቁልፉን አጥፍተው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው፣ የቱቦውን አንድ ጫፍ ከቀዳዳው በጥንቃቄ ያውጡና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ልባሱ የተሰነጠቀውና መዳቡ አረንጓዴ የሆነው ወዲያው ይታያል። አሳሳቹ ላዩ ደኅና የሚመስለው ሽቦ ነው፤ በሁለት ጣት ይዘው ቀስ አድርገው ሲስቡት እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል፣ የያዘው ልባሱ ብቻ ነው። ጥገናውን በጥድፊያ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል አልመክርም። በውፍረቱ የሚመጣጠን፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ተጣጣፊ ሽቦ ይቀጠልና መጋጠሚያው ከሚታጠፈው ቦታ ራቅ ብሎ፣ በበሩ ወይም በመኪናው አካል ውስጥ ይቀመጥ። የተበየደ ሽቦ ስለሚደርቅ መጋጠሚያው ማጠፊያው ላይ ከዋለ ብየዳው ባለቀበት ጠርዝ ላይ እንደገና ይበጠሳል። አንድ ሽቦ ተበጥሶ ከተገኘ ጎረቤቶቹም ተዳክመዋልና አብረው ይታዩ።

ወደ ግራው የኋላ በር እንምጣ። መቆለፊያውን በእጅዎ ይሞክሩት። ከበደዎት ችግሩ ኤሌክትሪክ ላይሆን ይችላል፤ አቧራ የጠጣ አሮጌ ግራሶ መቆለፊያውን አድርቆት ትንሿ ሞተር አቅም አንሷት ይሆናል። በሩ ክፍት እንዳለ በካቻቢቴ መንጠቆውን ገፍተው የተዘጋ አስመስለው ያስቆልፉት፤ እንዲህ ሲሆን ከቆለፈና ሲዘጋ ከሰነፈ፣ በሩ ዝቅ ብሎ ወይም በመኪናው አካል ላይ ያለው የመንጠቆው ማረፊያ ቦታ ስቶ መቆለፊያውን እየጫነው ነው። ፈተናውን ሲጨርሱ የውጭ እጀታውን ስበው መንጠቆውን ሳይመልሱ በሩን እንዳይዘጉ፤ መቆለፊያው ይሰበራል።

በእጅ ሲሞከር ቀላል ከሆነ የበሩ የውስጥ ፓነል ተነሥቶ ወደ ሞተሯ የሚሄደው ሶኬት ይለካል። በአብዛኞቹ መኪናዎች ሞተሯ በሁለት ሽቦ ትሠራለች፤ ለመቆለፍና ለመክፈት የሚለዋወጠው የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቅጣጫ ነው፤ ኃይሉም የሚደርሳት ለቅጽበት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመልቲሜትር (ከቮልት መለኪያው) ይልቅ የመፈተሻ አምፖል እመርጣለሁ፤ በአንድ ክር ብቻ የተንጠለጠለ ሽቦ በመልቲሜትር ሙሉ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፣ አምፖሉ ግን ደብዝዞ ያጋልጠዋል። አምፖሉ ደምቆ እየበራ ሞተሯ ካልሠራች ጥፋቱ የእሷ ነው፤ የምትቀየረውም በብዙ ሞዴሎች ላይ ከመቆለፊያው ጋር አንድ ላይ ነው። በአንዳንድ መኪናዎች በሩ ውስጥ የጎን ኤርባግ ሴንሰር ስለሚኖር ፓነሉ የሚነሣው ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ መሆን አለበት።

ስለ ልጅዎ ያለዎት ስጋት ተገቢ ነው። ይህ እስኪጠገን ድረስ በኋላ በሮቹ ጠርዝ ላይ ያለውን የሕፃናት መቆለፊያ ያብሩት። በአብዛኞቹ መኪናዎች መካኒካዊ በመሆኑ ይህ ብልሽት አይነካውም፤ በሩ ባይቆለፍ እንኳ የውስጥ እጀታው አይከፍተውም። ከውጭ ግን በሩ እንደሚከፈት ይወቁ።

ጥያቄ፦ ሪሞቴ በሮቹን የሚከፍተው መኪናው አጠገብ ስደርስ ብቻ ነው። ቀድሞ ከሩቅ ይሠራ ነበር። የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው የመኪናው ሪሲቨር ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሁለተኛ ሪሞት ካለዎት በእሱ ይሞክሩ። እሱ ከሩቅ ከከፈተ የመጀመሪያው ሪሞት ባትሪ ደክሟል። ብዙዎቹ ሲአር 2032 የተባለውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ይጠቀማሉ፤ ቢሆንም ከመግዛትዎ በፊት በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ሲገጥሙም የፖዘቲቭ ምልክቱ ወደ ነበረበት አቅጣጫ መዞሩን ያረጋግጡ። ሁለቱም ሪሞቶች ከቀረቡ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ፣ በመኪናው ውስጥ የተሰካ የስልክ ቻርጀር ወይም የጉዞ ካሜራ ካለ ነቅለው ይሞክሩ፤ አንዳንዶቹ የሚያመነጩት የሬዲዮ ሞገድ የሪሞቱን ምልክት ያውካል። ይህም ለውጥ ካላመጣ ያን ጊዜ ሪሲቨሩና አንቴናው ይመርመሩ።